በሊማሊሞ ጠመዝማዛ የሞተ ደም

መነሻ

ሚሊኒየሙን ካከበርን ሁለት ዓመት አልፎናል፤ የስሜኑ መንገድ ግን ገና አስፋልት አልለበሰም። በዐቢይ ጾም ወቅት፣ አንድ ሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጎንደር መናኸሪያ ቆሜ የደባርቅን አውቶቡስ እጠብቃለሁ። በአንድ እጄ የበረዶ ሣጥን፣ በሌላው ደግሞ መያዣው እጄን የሚቆርጥ ከባድ ቦርሳ ይዣለሁ። የምሄደው ከሊማሊሞ ማዶ፣ ከዛሪማ አለፍ ብላ ወዳለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነው። የምሄደውም የአንድ ሰው ደም ለመቅዳት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቱቦ። ለዚህ ብላ ሁለት ቀን የምትጓዝ ሴት ጤና የላትም ብትሉ አልፈርድባችሁም፤ እናቴም አዲስ ዓለም ካለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆማ ያለችኝ ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ከዕለት ሥራዬ ጎን ለጎን የምሳተፍበት አንድ ጥናት አለ፤ ሰው ሲታመም የሰውነቱ ሕዋሶች በምን ዓይነት ሞት እንደሞቱ ከደሙ ላይ ማንበብ። ሕዋስ የሚሞተው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ራሱን አጣጥፎ፣ ጓዙን ሸክፎ፣ የኪራይ ቤት እንደሚለቅ ጨዋ ሰው በጸጥታ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ይፈነዳል፤ ያለው ሁሉ ደም ውስጥ ይዘረገፋል። የጉበት ሕዋስ በሥርዓት ሲሞት እንደ ማገር ደግፎ የያዘው ፕሮቲን የታወቀ ቦታው ላይ ይቆረጣል፤ ሲፈነዳ ግን ሳይቆረጥ እንዳለ ይፈስሳል። የተቆረጠውን ብቻ የሚለይ ምርመራ አለ፤ ሁሉንም አንድ ላይ የሚለካም አለ። ሁለቱን አስተያይቶ ጉበቱ ምን እንደደረሰበት መገመት ይቻላል። ቀይ የደም ሕዋስ ግን ይህ ፕሮቲን ጭራሽ የለውም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አያ ጌጡ የሚባሉ ገበሬ የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው መድኃኒት ጀምረው ነበር። ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ያቅለሸልሻቸው፣ ምግብም ያስጠላቸው ጀመር። የጤና ጣቢያው ነርስ ሙሉቀን መድኃኒቱ ጉበታቸውን ጎድቶ እንዳይሆን ብሎ ደማቸውን ላከልን። ደሙ ሲደርሰኝ በማሽኑ አሽከረከርኩት። ከላይ የሚቀረው ውኃ የገለባ ቀለም መሆን ሲገባው ሮዝ ሆኖ አገኘሁት። ቀይ ሕዋሶቹ ተሰባብረዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደም ይደፋል፣ ሌላ ይጠየቃል፤ ደንቡ ግልጽ ነው።

እኔ ግን አልደፋሁትም። ያን ሁሉ አገር አቆራርጦ የመጣን የሰው ደም መታጠቢያ ላይ መድፋት ነውር መሰለኝ። ሙሉቀንም ሰውዬውን ለማሳመን ሦስት ቀን እንደፈጀበት ወረቀቱ ጫፍ ላይ ጽፎልኝ ነበር። ስለዚህ መረመርኩት። ያን ሰሞን ጉበትን በደንብ የሚለየው ምርመራ ኬሚካሉ አልቆብን፣ በእጃችን የቀረው ቀይ ሕዋስ ውስጥም የሚገኘውን ኢንዛይም የሚለካው ብቻ ነበር። ቁጥሩ ጣራ ነካ። ቅጹ ጥግ ላይ በደቃቁ «ደሙ ሮዝ ነው» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ አሳለፍኩ። የሆስፒታሉ ሐኪም ቁጥሩን አየ፤ የቅጽ ጥግ ማን ያነባል? መድኃኒቱ ይቁም ብሎ አዘዘ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዚያው ደም የተረፈችውን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ለጥናቱ ስመረምራት የጉበቱ ምልክት፣ የተቆረጠውም ሙሉውም፣ የጤነኛ ሰው ሆኖ ወጣ። ጉበታቸው ቢፈነዳ ኖሮ ያ ፕሮቲን ደሙን ባጥለቀለቀው ነበር። የሞቱት ቀይ ሕዋሶቹ ብቻ ናቸው፤ የሞቱትም ሰውዬው ውስጥ ሳይሆን ቱቦው ውስጥ መሆን አለበት። ወረቀቴን ይዤ ሐኪሙ ጋ ሮጥኩ። እሱም በጥናት ምርመራ መድኃኒት እንደማይታዘዝ፣ ንጹሕ ደም ካመጣሁለት ግን ወዲያው እንደሚያየው ነገረኝ። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ደግሞ ይብሱን አናደደኝ።

ሙሉቀን ጋ ስደውል አያ ጌጡ ሳሉ እንደባሰባቸው፣ ጎንደር ድረስ የሚያመጣ አቅም እንደሌላቸው ነገረኝ። ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ያለ መድኃኒት ሲሰነብት ምን እንደሚሆን ለእኔ መንገር አያስፈልግም። በእኔ ፊርማ ነው መድኃኒት ያጡት። ስለዚህ ራሴ ተነሣሁ።

ከጎንደር ደባርቅ

የአሥራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ የተነሣው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ረዳቱ ቦርሳዬን ጣራ ላይ ሊወረውር ሲል ቀማሁት። በእጅ የሚዞር የደም ማሽከርከሪያ ነው፤ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን ይጠብቃል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ያገኘሁት ነው። ረዳቱ ቦርሳውን በእጁ ዳሰሰና የሥጋ መፍጫ መሆኑን በሙሉ ልብ ለተሳፋሪው አወጀ። በዐቢይ ጾም የሥጋ መፍጫ ታቅፋ የምትሄድ፣ ያውም ሻሽዋን የጠመጠመች እስላም! አጠገቤ የተቀመጡ ቄስ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ቀና ብለው አላዩኝም። የደም ማሽን ነው ብዬ ብነግራቸው የባሰ እንዳይሆን ዝም አልኩ።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ጉሙ ደጁን ሁሉ ሸፍኖት፣ ብርዱ አጥንት እየገባ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምን። መለዋወጫው ጎማ ራሱ መለዋወጫ ያስፈልገው ነበር። ሾፌሩ አይቸኩልም፤ ቢቸኩልም አይፈጥንም። እኔ በየደቂቃው ሰዓቴን ሳይ ቄሱ በመጨረሻ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ከያዙት ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ።

ዳባት ለምሳ ወረድን። በክርስቲያን ቤት እስላም መንገደኛ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነው፤ ሥጋቸው ስለማይበላ ሽሮ እንጂ ሌላ አላዝም። የጾም ወራት ለእኔ ምቹ ነው፤ የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ እንደ እኔ ይበላል። ከዳባት በኋላ ያለው መንገድ አቧራ ብቻ ነው። ደባርቅ ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ሻሼ ስነሣ ነጭ ነበር፤ አሁን ቀለሙን እንጃ።

ለሣጥኔ በረዶ ካደርኩበት ሆቴል ጠየቅሁ። የሆቴሉ ባለቤት ቀና ብሎ አየኝና ደባርቅ ድረስ ብርድ ፍለጋ የመጣ ሰው በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። በላስቲክ የቀዘቀዘ ውኃ ግን ከማቀዝቀዣው አውጥቶ ሰጠኝ፤ ክፍያም አልተቀበለኝም። በዚያ ቀን ያላናደደኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሊማሊሞ

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ዛሪማ የሚወርድ አይሱዙ አገኘሁ። ሾፌሩ ታደለ ይባላል፤ ጥርሱ መሃል እንጨት ይዞ የሚያወራ፣ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ነው። ጋቢና አስገባኝ። ሊማሊሞን ለማያውቅ ሰው እንዴት ላስረዳ? ጣሊያን ከገደሉ ላይ የፈለቀቀው መንገድ ነው፤ አንዱን ጥምዝ ጨረስኩ ስትሉ ሌላው ከእግራችሁ ሥር ይታያል። በቀኝ ግድግዳ፣ በግራ አየር። መኪናው በየጥምዙ ሲያጋድል ጭንቅላቴ መስኮቱን ይመታል፣ ትከሻዬ ታደለን ይመታል።

ከታደለ ራስ በላይ፣ ከጋቢናው ጣራ ላይ፣ ጎበጥ ያለ ብረት አለ። የውኃ ኮዳው እዚያ ላይ ተንጠልጥሎ ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፤ በየጉድጓዱ ወደ ላይ ይዘላል። ኮዳውን ሳይ ቆየሁና ድንገት አንድ ነገር ውልብ አለብኝ። ከወር በፊት ከጤና ጣቢያዋ የደም ሣጥን ወደ ጎንደር ያመጣ ሾፌር ታውቃለህ ወይ አልኩት።

«እኔ ነኝ እንጂ!» አለ በኩራት። ሙሉቀን አደራ ብሎ እንደሰጠው፣ እሱም እስከ ደባርቅ አምጥቶ ለአውቶቡስ ሾፌር በእጁ እንዳስረከበ አወራኝ።

የት ነበር ያስቀመጥከው አልኩት፤ መልሱን ፈርቼ።

«እዚህ ነዋ» አለና በአገጩ ወደ ብረቱ አመለከተኝ። «የሰው ደም እኮ ነው። ከሽንኩርት ጋር ኋላ ልጣለው? ወይስ እግሬ ሥር ላድርገው? ከራሴ በላይ ሰቀልኩት።»

ኮዳውን አየሁት። አሁንም ይወዛወዛል። ከዛሪማ ሽቅብ እስከ ደባርቅ ያለውን ጥምዝ ሁሉ ያ ደም እንዲህ እየተናጠ ነው የወጣው። ሕዋሶቹ ያለቁት እዚህ፣ ከታደለ ራስ በላይ ነው። ልቆጣው ቃጣኝ። ምን ብዬ ልቆጣው? እኔስ ያልደፋሁት በዚያው በእሱ ሐሳብ አይደል? እሱ አክብሮ ሰቀለው፣ እኔ አክብሬ መረመርኩት። ሁለታችን ተባብረን አክብረን ገደልነው። መቆጣት አምሮኝ የምቆጣው ሰው ማጣቴ ከመንገዱ በላይ አንገሸገሸኝ፤ ዛሪማ እስክንደርስ ድረስም አንድ ቃል አልተናገርኩም። ታደለ ግን የእኔን ዝምታ ሳያየው የእኔን ድርሻ ጨምሮ አወራ።

ጤና ጣቢያው

ከዛሪማ ገበያ ዳር ታደለ አወረደኝና ሙሉቀን በሞተር ሳይክል መጥቶ ወሰደኝ። ከደባርቅ ብርድ በኋላ የቆላው ሙቀት ፊቴን እንደ ምድጃ ገረፈኝ። ሙሉቀን ገና ወጣት፣ ፊቱ በድካም የጠወለገ ልጅ ነው። መብራት ከእሑድ ጀምሮ ጠፍቷል አለኝ፤ እንደጠፋ ይቅር፣ እኔ የእጅ ማሽን ይዣለሁ።

አያ ጌጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ብርቄ ጋር ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። ረጅም፣ አጥንታቸው የወጣ ሰው ናቸው። እጅ ነስቼ ስለመጣሁበት ጉዳይ ስናገር ሳሉ እስኪለቃቸው ጠብቀው እንዲህ አሉኝ፦

«መጀመሪያ ደሜን ወሰዳችሁ። ከደሜ ጋር መድኃኒቴን ወሰዳችሁ። አሁን ደግሞ ምን ቀርቶኝ መጣሽ ልጄ?»

ሙሉቀን ሊያስታርቅ ስለ ጉበትና ስለ ሕክምና ሕግ መናገር ጀመረ። በእጄ ምልክት አስቆምኩት። ሁለት ቀን ሙሉ በሰው ሁሉ ስናደድ መጥቻለሁ፤ እዚህ ላይ ግን የሚናደዱት እሳቸው ነበሩ፣ እውነታቸውንም ነው።

«አያ ጌጡ፣ ጉበትዎ አልተነካም ብዬ አምናለሁ» አልኩ። «ደሙ የተበላሸው መንገድ ላይ ነው። መበላሸቱን በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም ቁጥር ጽፌ ፈረምኩበት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ካየሽ ምነው አልደፋሽው?»

«ደምዎን መድፋት ነውር መስሎኝ።»

አያ ጌጡ ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፣ ወይዘሮ ብርቄ ጀርባቸውን ደገፉ። ትንፋሻቸው ሲመለስ «እኔን ከመድፋት ደሜን መድፋት አይሻልም ነበር?» አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉልኝ።

አልተቻኮልኩም፤ ቀጭን መርፌ ሕዋስ ስለሚሰብር ወፍራሙን መረጥኩ፤ ደሙ በራሱ ጊዜ ወረደ። እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር አቆምነው። በዚያ መሃል ከወይዘሮ ብርቄ ጋር ስንጨዋወት ማቅለሽለሹ መቼ መቼ ይነሣባቸው እንደነበር ጠየቅሁ። መድኃኒቱ ሳይቆም ባለቤታቸው ክኒኑን ማለዳ ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ይቀምሱ እንዳልነበር ነገሩኝ። የንስሐ አባታቸው ለታመመ ሰው ቀድሞ መብላት ተፈቅዷል ብለዋቸው ነበር፣ እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ሙሉቀንን አየሁት፣ እሱም አየኝ። ያ ሁሉ ክኒን በባዶ ሆድ! እሱም አልጠየቀም፣ ሐኪሙም አልጠየቀም፣ ቅጹም ላይ ለጾም የሚሆን ቦታ የለውም። ቅጹን ደግሞ የሚሞላው ጎንደር የተወለደ ክርስቲያን ነው፤ ጾም ምን እንደሆነ ከእኔ ከእስላሟ በላይ የሚያውቅ።

ማሽኑን የምናስርበት ጠረጴዛ ጠፋ። የመርፌ ክፍሉ ጠረጴዛ ይነቃነቃል፣ የካርድ ክፍሉ በቆርቆሮ ተለብጦ ብሎን አይይዝም። በመጨረሻ ደጅ ያለው የበሽተኞች አግዳሚ ላይ አጠበቅነው፤ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሁሉ ተነሥተው ዙሪያውን ከበቡን። አንዱ ወገን ውስጥ የደሙን ቱቦ፣ ሌላው ወገን ውስጥ ውኃ የሞላሁትን ቱቦ ሚዛን አስያዝኩና ማዞር ጀመርኩ። ከተማ ውስጥ ቁልፍ ተጭኜ ሻይ ልጠጣ የምሄድበት ሥራ ነው። ሁለት ደቂቃ ሳልሞላ ክንዴ ዛለ። ስደክም አዘገያለሁ፣ ስናደድ አፈጥናለሁ፤ ማሽኑ ይንገጫገጫል።

ወይዘሮ ብርቄ ጠጋ ብለው እጀታውን ከእጄ ወሰዱት። «እንዲህ በቁጣ አይዞርም» አሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ ጥጥ የፈተለ እጅ ነው። አንድ ሳያፈጥኑ አንድ ሳያዘገዩ፣ ዓይናቸውን ከባላቸው ላይ ሳያነሡ፣ አሥር ደቂቃ ሙሉ አዞሩት። ማሽኑ ሳይንገጫገጭ እንደ ንብ እያዜመ ዞረ።

ቱቦውን አውጥቼ ወደ ብርሃን አነሣሁት። ከሥር ጥቁር ቀይ፣ ከላይ የገለባ ቀለም። ጠብታ ሮዝ የለበትም። ከተሰበሰበው ሰው ማንም ምን እንዳየሁ አያውቅም፤ እኔ ግን እንደ ሞኝ እንባዬ መጣ። ከላይ ያለውን የደሙን ውኃ ለይቼ በትንሿ ቱቦ ቀዳሁና በረዶ ውስጥ ከተትኳት። ማሽኑን ለሙሉቀን ትቼለት፣ አጠቃቀሙንም ሁለቴ አሠርቼው ነው የተነሣሁት። ወይዘሮ ብርቄም ቆመው ያርሙት ነበር።

መልስ

ረቡዕ ሽቅብ የወጣሁት በዚያው በታደለ መኪና ነው። ሣጥኔን ተቀብሎኝ ያለ ምንም ጥያቄ ከራሱ በላይ ሰቀለው። አሁን ሕዋሱ ተለይቶ ስለቀረ እንደፈለገ ቢወዛወዝ የሚሰበር የለም፤ ተውኩት። ግን ሌላ ጊዜ ደም ሲሰጡህ በጨርቅ ጠቅልለህ ጭንህ ላይ ያዘው አልኩት። ምክንያቱን ስነግረው ጥርሱ መሃል ያለው እንጨት ወደቀ። እስከ ደባርቅ ድረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። የሰውዬውን ደኅንነት ሦስት ጊዜ ብቻ ጠየቀኝ።

ጎንደር ገብቼ ሐሙስ ጠዋት ደሙን መረመርኩ። አልቆ የነበረው ኬሚካልም በሌለሁበት ደርሶ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ እሱም በሰዓቱ አልመጣም። ሁሉም ቁጥር ደኅና ነው። የጥናቱን ምርመራም ለራሴ ደገምኩት፣ እሱም ያው። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ፣ ጥጉንም ጭምር አንብቦ፣ መድኃኒቱ እንዲቀጥል ፈረመ። ከዚያ እስክርቢቶውን አስቀመጠና ሕክምናው በመጀመሪያው ዙር መሃል ይህን ያህል ስለተቋረጠ ከአንደኛው ቀን መጀመር እንዳለበት ነገረኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ነገር በሁለት ቃል ያልቃል፤ ደንቡ ድፋ ካለ ይደፋል። ከሞቱ ሕዋሶች ላይ የአሟሟታቸውን ዓይነት ለይተን እናነባለን እያልን የት እንደሞቱ ሳንጠይቅ ቀርተናል። ይህንንም ለጥናቱ ሰዎች ተናግሬ ጸጥ አሰኝቻቸዋለሁ። ከባዱ ትምህርት ግን የመጣው በስልክ ነው።

ሙሉቀን ስልኩን ለአያ ጌጡ ሰጣቸው። ጉበታቸው ጤነኛ እንደሆነ፣ ክኒኑንም ዛሬውኑ እህል ቀምሰው እንደሚጀምሩ ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው እንደሆነም ነገርኳቸው።

«የዋጥኩት ሁለት ወርስ?» አሉ።

«አይቆጠርም አያ ጌጡ። ተቋርጧል።»

«ማን አቋረጠው?»

ሙሉቀን አጠገባቸው እንደሚሰማ አውቃለሁ። «እኔ» አልኩ።

ሳሉ። ቆዩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «ሸጋ፣ እጀምራለሁ። ግን ይህ ልጅ ወር በወር ደም ይወሰዳል ብሎኛል። እውነቱን ነው?»

ለጥንቃቄ አስፈላጊ መሆኑን ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ደሜን በማኪና አልሰድም። ራስሽ መጥተሽ ትወስጃለሽ።»

ወገቤ ገና ቀጥ አላለም። ማሽኑ እዚያው አለ፣ ሙሉቀንም ማዞር ይችላል፣ ሕዋሱ ከተለየ በኋላ ማንም ቢያመጣው ግድ የለም ብዬ ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። ሊማሊሞ ጥምዝ በጥምዝ፣ በየወሩ፣ ለስድስት ወር ታየኝ።

«እሺ አያ ጌጡ» አልኩ። «እኔው እመጣለሁ።»